ውኃ ብቻ የሚሥለው ሙሴና የጋሼ ቸኮል መጥፋት

ከደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ ከቅዳሴ ወጥቼ በሰላም ቤቴ መግባት አቅቶኛል። አንዱ ነጠላዬን፣ ሌላው እጄን ይይዝና «እስቲ የዚያን ፈረንጅ ነገር አውጋን» ይለኛል። ደጋግሜ ሳወራ ድምፄ ሻክሮ ማኅሌት ላይ መሪጌታው ስለ ተቆጡኝ፣ እንደ ሆነው አድርጌ ጻፍኩት፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት። ሥራዬ ብራና መጻፍ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ የቅዱሳን ነገር ነበር፤ ይህ ግን የሦስት ሰውና የሁለት በቅሎ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን እኮ ሩቅ አይደለም፣ የሁለት ቀን መንገድ ናት ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ነገር ግን ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ነው ከአንኮበር ወጥቶ ሜዳ ያየ?

ፈረንጁ ከነጋዴዎች ጋር ከባሕር በኩል ነው የመጣው። ጓደኞቹ «ሙሴ» እያሉ ይጠሩታል፤ በአገራቸው ቋንቋ ጌታው እንደ ማለት ነው አሉ። እኛ ግን ሙሴ ሲባል የምናውቀው ባሕር የከፈለውን ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ በትሩን ይፈልግ ጀመር። በትር አልነበረውም። የነበረው ሦስት እግር ያለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ አንድ ዓይን አለው፤ በውስጡ መድኃኒት የተቀባ መስተዋት ይገባል፤ የዓይኑ ክዳን ሲነሣ ፊት ለፊት ያለው ነገር መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ፎቶግራፍ ይሉታል። ሌሎቹ ፈረንጆች በዚህ ሳጥን መኳንንቱን ሥለው ሙክት ሲሸለሙ፣ የኛው ሙሴ ውኃ ካልሆነ አልሥልም አለ። ውኃም ቢሆን ሰው የሌለበት፣ ከብት የሌለበት፣ ዝም ያለ ውኃ።

ከአገሩ ያመጣውን ሥዕል ለደብራችን አለቃ አሳያቸው። ባሕር ነው አለ። ማዕበል የለውም፤ እንደ አንኮበር ጉም ለጥ ያለ ነጭ ነገር ነው። ከመካከሉ አንድ እንጨት ቆሟል። በቃ። አለቃ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ሰዎቹስ?» አሉ።

«ሰው የለችም! ውኃ ብቻ!» አለ ሙሴ ደስ ብሎት። አማርኛ የተማረው ከማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወንዱንም ሴቱንም በሴት አንቀጽ ነው የሚጠራው። አለቃን ራሳቸውን «አንቺ ደህና ነሽ?» ብሏቸዋል።

አለቃ አማተቡና ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደብረ ብርሃን አክስት አለችህ አይደል? ሜዳ ላይ ዝም ያለ ወንዝ አለ ይባላል። ውሰደውና ይሣልና ይመለስ። ብቻ አደራ፣ ሰው ቀየመን እንዳትለኝ።»

ሰኞ በጥቅምት ብርድ ከአንኮበር ተነሣን። ሦስተኛችን የበቅሎዎቹ ባለቤት ሰይድ ነው፤ የአሊዩ አምባ ሰው፣ ዐረብኛ የሚያውቅ። ሙሴም ጥቂት ዐረብኛ ስለሚያውቅ፣ አማርኛው ሲያልቅበት ለሰይድ ይነግረዋል፣ ሰይድ ለኔ ይነግረኛል። ሰይድ የሚነግረኝ ግን ሙሴ ያለውን ሳይሆን ሰይድ ይሻላል ያለውን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ዳገቱን ሳንጨርስ ሙሴ አንዲት ምንጭ ላይ አጎንብሶ ሲመለከት የኪስ ሰዓቱ ወደቀችበት። ሰይድ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ አወጣት፤ ነገር ግን ውኃ ጠጥታ ነበርና አልተንቀሳቀሰችም። ሙሴ ራሱን ያዘ። ለካ የሳጥኑ ክዳን ተነሥቶ የሚቆይበት ጊዜ በሰዓት ነው የሚለካው። ውኃው በሥዕሉ ላይ ጉም የሚመስለው ክዳኑ ብዙ ሲቆይ ነው፤ ካጠረ ሞገዱ ይታያል፣ ከረዘመ ሁሉም ይነጣል።

«ደብተራ፣ አንተ በጸሎት ቁጠርለት» አለኝ ሰይድ።

ስለዚህ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሙሴ ገደሉን የሞላውን ጉም ሊሥል ሳጥኑን ሲያቆም፣ እኔ አሥራ ሁለት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ሰይድም ለማረጋገጥ በመቁጠሪያው የራሱን ቆጠረ። እኩል ጨረስን። በሃይማኖት ነገር ከሰይድ ጋር የተስማማነው በዚያ ብቻ ነው። ሙሴ ይዞ ከተነሣው ዘጠኝ መስተዋት አንዱን ጉም በላው። እኛ ቤት በነጻ በየበሩ የሚገባውን ጉም!

ዕለቱን ከአንድ ገበሬ ቤት አደርን። ቤቱ እንደኛ በእንጨት የተሠራ አይደለም፤ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ዛፍ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚነደውም ኩበት ነው። ባልና ሚስቱ መደቡን ለኛ ለቅቀው እነሱ ከበጎቹ አጠገብ ተኙ። እምቢ ብንል «እንግዳ አይደላችሁም እንዴ?» ብለው ተቀየሙን፤ ተኛንበት።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤቱ በታች አንዲት ኩሬ አየን፤ ከመካከሏ አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ብሏል። ሙሴ ኩሬዋን እንዳየ የሚያለቅስ መሰለኝ። ገበሬውን ከኩሬው ከብት እንዳያጠጣ ለመንነው፤ እሺ አለ። ክዳኑ ተነሣ፣ መድገም ጀመርኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ቀይ ላም፣ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ገብታ ድንጋዩን ትታከከው ጀመር።

«ላም የለችም! ላም የለችም!» ብሎ ጮኸባት ሙሴ። በዚያ ሳምንት ሰዋስው የሠመረለት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ላሟ ግን አለች። ሁለተኛው መስተዋት እንዲህ ሄደ።

እኛ ከላም ጋር ስንታገል፣ የቤቱ እመቤት የሙሴን ዕቃ ከፍታ ልታሰናዳልን ኖሯል። መስተዋቶቹን አየቻቸው። እንደ ሞራ ያለ ነጭ ነገር ለብሰዋል። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰው በቆሸሸ መስተዋት ሲሄድ ዝም ማለት አልሆነላትም፤ አመድና ሙቅ ውኃ አምጥታ አምስቱን ፍትግ አድርጋ አጠበቻቸው። ስንመለስ ጭድ ላይ ተደርድረው በፀሐይ ያብረቀርቃሉ።

ሙሴ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው? አልጠራም?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ፣ አንዱን አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ እንደገና ልትወለውል።

ሙሴ በአገሩ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረ። እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ከዚያ ደረቱን መታ።

«ምን ይላል?» አለች።

«እንዲህ ያለ ንጽሕና በአገሬም አላየሁ ይላል» አለ ሰይድ ዓይኑን ሳያሽ። ሴትዮዋ በጣም ደስ ብሏት አንድ ቅል ሙሉ አይብ ለስንቅ ሰጠችን። ሳይታጠቡ የቀሩት ሁለት መስተዋቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የዳኑት በሌላ ኮርቻ ላይ ስለነበሩ ነው።

በላሟና በእጥበቱ ስለ ዘገየን መንገድ ላይ አድረን ረቡዕ ደብረ ብርሃን ገባን። ሜዳ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንኮበር ላይ ጎረቤትህን ልትጠራ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትጮኻለህ፤ እዚያ ግን ወደ ጎን ነው የሚጮኸው፣ ድምፅህንም ነፋስ ይዞት ይሄዳል። የሚመጣ እንግዳ ከሩቅ ይታያል፤ ስለዚህ አክስቴ እትዬ አስካለ ገና ነጥብ ሳለን አይታን፣ ስንደርስ ሽሮው ተሠርቶ ጠበቀን። ጾም ነውና አይቡ እንደ ተሸፈነ ቀረ።

የአክስቴን ባል ጋሼ ቸኮልን አታውቋቸውም። ስማቸውን ያወጣው ሰው ጥሩ አድርጎ አይቷቸዋል። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቢቀራቸውም ተቀምጠው በልተው አያውቁም፤ እንጀራውን ጠቅልለው እየጎረሱ በረት ደርሰው ይመለሳሉ። ሰላምታ ሲሰጡ ጀመሩት ትላላችሁ፣ መጨረሻውን ከጓሮ ትሰሙታላችሁ። ቸርነታቸውም እንደዚሁ ፈጣን ነው። ሙሴ ሲንቀጠቀጥ እንዳዩት የለበሱትን የሱፍ ባና አውልቀው አከናነቡት። እግሩን ራሳቸው ካላጠብኩ ብለው ሙቅ ውኃ አስመጡ፤ ቀኙን አጥበው ሳይጨርሱ በሬ ሲያገሣ ሰሙና ብድግ ብለው ሄዱ። ሙሴ ግራ እግሩን አንሥቶ ብዙ ጠበቀ።

«አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አላቸው ሲመለሱ። ጋሼ ቸኮል «እሷን ነው?» ብለው ወደ አክስቴ ተመለከቱና እንደገና ወጡ።

ሐሙስ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሬሳ ከሚባለው ወንዝ ዳር ቆምን። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ወንዙ ከመሻገሪያው በላይ ሰፋ ብሎ ይተኛል፤ ሁለት ድንጋይ፣ ወዲያ ማዶ አንድ የኮሶ ዛፍ። ሙሴ ያየውን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ክዳኑን አነሣ። እኔ ደገምኩ፤ ከብርዱ የተነሣ ጥርሴ ከቃሉ ቀድሞ ይደግም ነበር።

ስድስተኛው ላይ ጋሼ ቸኮል መጡ። ጥጃ ጠፍቷቸዋል። «እንዴት አደራችሁ!» ብለው በሳጥኑ ፊት ወንዙን ተሻገሩ። ጥጃዋ ማዶ የለችም፤ ተመለሱ። «ቀይ ጥጃ አላያችሁም?» ብለው እንደገና ተሻገሩ። እኔ ጸሎት ላይ ስለነበርኩ በዓይኔ ብቻ እጅ ነሣሁ። ሙሴ ጸጉሩን ነጨ፤ ክዳኑን ግን አልዘጋም። «ትሮጣለች፤ አትታይም» አለ።

ስንመለስ ሙሴ የአክስቴን ጓዳ በቀይ ጨርቅ አጨልሞ መስተዋቱን በመድኃኒት ነከረ። ከዚያ ከመስተዋቱ ወደ ወረቀት በፀሐይ ገለበጠው። እኩለ ቀን ላይ ሥዕሉ ሲወጣ መንደሩ ሁሉ ግቢ ሞልቶ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ አማረ። በሬሳ ወተት ሆኗል። ሁለቱ ድንጋዮች በወተቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ጋሼ ቸኮል ወረቀቱን ተቀብለው ፈለጉ። ወደ ቀኝ ፈለጉ፣ ወደ ግራ ፈለጉ።

«እኔስ?» አሉ።

«የት ጋሼ?»

«ሦስት ጊዜ ነው የተሻገርኩት! ድንጋዩ አለ፣ ኮሶው አለ፤ እኔ የታለሁ?»

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ጠጋ ብለው አዩ። «ጥላውም የለም» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሼ ቸኮልም ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ነው አክስቴ የጮኸችው፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ባሏን ተቀምጠው አይታቸው አታውቅማ።

ዓርብ ጋሼ ቸኮል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ጾሙ ቢፈታም እህል እምቢ አሉ። «ነፍሴ ቀድማ ሄዳለች፤ የቀረው ልብስ ነው» አሉኝ። ጥቁሩ በሬ ለማን እንደሚሰጥ፣ መቃብራቸውም ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚሆን ተናዘዙ። ሁለት ወንድሞቻቸው መጥተው በቅሎዎቹንና ሳጥኑን ያዙ። «ወንድማችን አንድ ነገር ቢሆን ከዚህ ንቅንቅ አትሉም» አሉን፤ ማስፈራሪያ አልነበረም፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ሙሴ ራሱ ተነሣ። በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሮጠና «የለችም! የለችም!» አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ «አለች!» አለ። እንደገና ሮጠ። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው በሐዘኔታ ለሙሴ ውኃ አመጣለት።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያሳደገችኝ አክስቴ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ቤቷ ይህን መዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሙሴን ወደ ውጭ አወጣሁትና በሰይድ በኩል ለመንኩት፤ «አንድ መስተዋት ቀርቷል። ጋሼን ቆመው ሣላቸው። ራሳቸውን ካዩ ይድናሉ።»

ሙሴ ፊቱ ተለወጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ነጋዴዎቹ ወደ ባሕር ይመለሳሉ፤ እስከ ባሕር ድረስ ሌላ መስተዋት አይገኝም። ባሕር አቋርጦ፣ በረሃ አቋርጦ የመጣው ለውኃ ነው፤ በመጨረሻው መስተዋት ውኃ የሚሥልባትን ጠዋት ከትናንት ምሽት ጀምሮ ሲያስባት ነበር። ሰይድ ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ተረጎመልኝ፤ ያን ቀን ብቻ የራሱን ቃል አልጨመረም። ሙሴ እምቢ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ግማሽ ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሲመለስ እኔን እንኳ ሳያይ በሩ ላይ ቆመና ወደ ውስጥ ተናገረ፤

«ቸኮል ትቁም።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ወንድሞቻቸው ደግፈው ወንዝ አወረዷቸው። በርኖሳቸውን ለብሰው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆሙ። «አሥራ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ሳይነቃነቁ» አልኳቸው። «እኔ?» አሉ በደከመ ድምፅ፤ እውነትም ሞት ሳይቀላቸው አይቀርም። ሕዝቡ ዳር ዳሩን ተሰልፏል።

ክዳኑ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። አራተኛው ላይ የጋሼ ትከሻ መቁነጥነጥ ጀመረ። አምስተኛው ላይ ዓይናቸው ማዶ ወዳለው በሬ ሄደ፤ አንገታቸው ሊከተል ነው። ያን ጊዜ አክስቴ ከዳር ሆና ጮኸች፤

«አንተ ቸኮል! ብትነቃነቅ ዛሬውኑ ተዝካርህን ነው የምጠነስሰው!»

ከሠርጓ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረች ሴት ናት። በሕዝብ ፊት «አንተ» አለቻቸው። ጋሼ ቸኮል ደርቀው ቀሩ። እኔም ደርቄ ስድስተኛው ላይ ልሁን ሰባተኛው ላይ ጠፋብኝ። «ስንት ደረስኩ?» አልኩት ሰይድን በጥቅሻ፤ እሱም መቁጠሪያውን ውኃ ውስጥ ጥሎት ነበር። እንግዲህ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ከአምስት ጀመርኩ። ስጨርስ ጋሼ ከውኃው ሲወጡ ባታቸው ላይ ጣት የሚያህል አልቅት ተጣብቆ ተገኘ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠየቁ «ከሁለተኛው ጀምሮ» አሉ።

ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሥዕሉ ቀስ ብሎ ወጣ፤ መጀመሪያ ድንጋዮቹ፣ ቀጥሎ ኮሶው፣ ከዚያ በመካከል አንድ ሰው፣ በርኖሱ ሳይታጠፍ፣ ጢሙ ሳይደበዝዝ። ከጉልበቱ በታች ግን ውኃው ነጭ ደመና ሆኗል።

ታናሽ ወንድማቸው አየና እዬዬ አለ። «ደመና ላይ ቆሟል! አርጓል! ወንድሜ አርጓል!»

ግቢው በለቅሶ ሊፈነዳ ሲል ጋሼ ቸኮል ወረቀቱን ነጥቀው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ዝም በሉ!» አሉ። «ይቺ የጉንጬ ኪንታሮት ናት። ሟች ከነኪንታሮቱ የት ይሄዳል? እኔ ነኝ!» ከዚያም «አስካለ፣ እህል የለም?» ብለው የሁለት ቀን ረሃባቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሮጡ፤ የማክሰኞውን አይብ ከነቅሉ ጨረሱት። አክስቴ እየሳቀች እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ሙሴ መስተዋቱን በብርሃን ላይ ይዞ ብዙ ቆመ። ተቆጥቶ እንደሆነ ብዬ ፈራሁ። ሰይድ ጠየቀልኝ። «ያበላሽብኛል ብዬ ነበር፤ ለካ እሱን ነበር የምፈልገው ይላል» አለኝ። ይህ የሙሴ ቃል ይሁን የሰይድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እሑድን በዓል አክብረን ሰኞ ተነሣን፤ ማክሰኞ አንኮበር ገባን። አንኮበር ያው በጉም ተሸፍና ነው ያገኘናት፤ ከዚያ ሁሉ ሜዳ በኋላ የገዛ ደጃፌ ዳገት ጉልበቴን አስጮኸው። ሙሴና ሰይድ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። ሙሴ ሲሰናበተኝ አቀፈኝና «አንቺ ወንድሜ ነሽ» አለኝ። መስተዋቶቹን ይዞ ሄደ፤ ጋሼ የቆሙበትን ወረቀት ግን ለአክስቴ ትቶላታል።

ለኅዳር ሚካኤል አክስቴ ለንግሥ መጥታ እኔው ቤት አረፈች። ገና ሳትቀመጥ ስለ ጋሼ ጤና ጠየቅኋት።

«ጤናውስ ደህና ነው» አለች፤ «አንተ» ማለቱን አልተወችውም። «ግን በየጠዋቱ በሬሳ ወርዶ ይቆማል። ምን ትሠራለህ ብለው፣ ‹አርባ ዓመት ስሻገረው ውኃውን አይቼው አላውቅም ነበር፤ እያየሁት ነው› ይለኛል። ላሞቹ ሳይታለቡ ፀሐይ ትወጣለች። እባክህ ያን ሙሴ ካገኘኸው ንገረው፤ ያቆመውን ሰው መጥቶ ያንቀሳቅስልኝ።»